ከአልጋው ላይ ሆናችሁ እዩት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ ከአዲሶቹ ተቆጣጣሪዎች አንዷ፣ ሥራ ከጀመረች ሦስት ወር ያልሞላት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር እቤቴ ድረስ መጥታ ነበር። የአረጋውያን መርጃ ቤት እንድታይ ተመድባ ቼክሊስቷን ይዛለች። «ሲስተር፣ ከዚህ ሁሉ ዋናው የቱ ነው?» አለችኝ። ቡናው እስኪፈላ ወረቀቱን አገላበጥኩት። ወለል፣ ግድግዳ፣ ሽንት ቤት፣ የሠራተኛ ፋይል፣ የእሳት ማጥፊያ። መጥፎ ወረቀት አይደለም፤ ግን ጥያቄው ሁሉ ቆሞ ለሚሄድ ሰው የተዘጋጀ ነው። «አንድ ባዶ አልጋ ፈልጊና ተኚበት» አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው፤ ስለዚህ ለሁላችሁም ልጽፈው አሰብኩ።

የምሬን ነው። ማፈር ከመጣ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ጭንቅላታችሁን ወደ ትራሱ ዝቅ አድርጉ። የቆርቆሮው ሙቀት ፊታችሁ ላይ ሲወርድ ይሰማችኋል። አምፖሉ ዓይናችሁ ውስጥ ነው። አሁን ፈልጉ፦ ውኃው የት ነው? እጃችሁ ይደርስበታል? ሐረር ቢሆን ብርድ ልብሱን አስቀድሜ እጠይቅ ነበር፤ እነሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ናቸው፣ እኛ 1,200 ግድም። ድሬዳዋ ውስጥ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ኩባያው ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ራሱ ይደክማል፤ ሰውነቱ እየደረቀ «አልጠማኝም» የሚል አባት አለ። ብዙዎቹ ደግሞ ሽንት ቤት የሚያደርሳቸውን ሰው ላለማስቸገር ብለው ሆን ብለው አይጠጡም። ይህን የነገሩኝ አንዲት እናት ናቸው፣ እሳቸውም በሹክሹክታ። ስለዚህ ኮሪደር ላይ የተሞላ ጆግ አይታችሁ «ውኃ አለ» የሚለው ላይ ምልክት አታድርጉ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ኩባያውን ማንሳት መቻሉን፣ ውኃውም መጉደሉን እዩ። ቆዳ ቆንጥጦ ማየት ለአረጋዊ አያገለግልም፤ ቆዳቸው ድሮም ልል ነው። ምላሳቸውን ተመልከቱ፣ የሽንታቸውን ቀለም ጠይቁ፤ ትናንት ደህና ሲጨዋወቱ የነበሩ ሰው ዛሬ ከቃዡም «እርጅና ነው» ሲሏችሁ ዝም አትበሉ።

አንድ ቤት ውስጥ ሱማሌኛ ብቻ የቀራቸው እናት ነበሩ። በደጉ ጊዜያቸው አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደማንኛውም የድሬ ልጅ ያቀላጥፉት ነበር፤ የመርሳት በሽታው ሲጠናባቸው በኋላ የለመዱት ሁሉ ሄዶ የእናታቸው ቋንቋ ቀረ። ተንከባካቢዋ ከሌላ አገር የመጣች፣ ልበ ቀና ልጅ ናት። መዝገቡ ላይ ባማረ የእጅ ጽሕፈት «ከሰዓት በኋላ ቢዮ የሚባለውን ልጃቸውን ሲጠሩ ዋሉ፤ አጽናናኋቸው» ብላ ጽፋለች። ቢዮ በሱማሌኛ ውኃ ነው። ኩባያውን ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ይዘው ሳይተነፍሱ ጨረሱት። ልጅቷ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። እኔ በእሷ አልፈረድኩም። ቤቱ ፋይሉ ላይ የክፍል ቁጥራቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ሃይማኖታቸውን ሞልቶ በምን ቋንቋ እንደሚናገሩ አልጻፈም። ድሬዳዋ ላይ! በአንድ ግቢ ሦስት ቋንቋ በሚሰማበት ከተማ! ቼክሊስታችሁ ላይ ባይኖርም በእጃችሁ ጨምሩት፦ ውኃ፣ ሽንቴ መጣ፣ ያመኛል፤ እነዚህን በአረጋውያኑ ቋንቋ የሚሰማ ሰው በየፈረቃው አለ ወይ?

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። በናንተ ዕድሜ ሳለሁ አስቀድሜ ደውዬ ነበር የምሄደው፤ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ደውዬ ሄድኩ። ሁሉም ታጥበዋል፣ ፀጉራቸው ቅባት ነክቶታል፣ አንሶላው ከዕቃ ቤት የወጣ ነው፤ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። መስመሩ እየነገረኝ አልሰማሁትም። ቡናቸውን ጠጥቼ «በጣም ጥሩ» ብዬ ፈረምኩ። ብዙም ሳይቆይ እኔ ተረኛ የነበርኩበት ዋርድ ከዚያው ቤት አንድ አባት መጡ። ስንገለብጣቸው ወገባቸው ሥር፣ አጥንቱ ላይ፣ ጡጫ የሚያስገባ ቁስል አለ። እኔ በፈረምኩ ዕለት ከዚያ አንሶላ ሥር እንደነበረ አልጠራጠርም። ሽታውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ፊርማዬንም።

እንግዲህ አስፈቅዳችሁ፣ መጋረጃ ጋርዳችሁ፣ አንሶላ ግለጡ። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ክርን፣ ጭራ አጥንት፤ አጥንት ከፍራሽ የሚገናኝበት ሁሉ። የአልጋ ቁስል ሲጀምር ይቀላል፣ በጣት ሲጫኑት አይነጣም ብለው አስተምረዋችኋል። እውነት ነው፤ ግን በኛ ጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል። በእጅ ጀርባ ዳስሱት፤ ከዙሪያው ይሞቃል? ጠጥሯል? ሲነኩት ያማቸዋል?

የማገላበጫውን ቅጽም፣ የተኛው ሰው ጎኑ የተቀየረበት ሰዓት የሚሞላበትን፣ አስመጡ። የተለመደው በየሁለት ሰዓቱ ነው። አንዴ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ቤት ገብቼ ቅጹ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ተሞልቶ አገኘሁት፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ። ተቆጣሁ። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ቁጣዬ ወደ ሌላ ዞረ። መነሳት የማይችሉ 12 ሰዎች ነበሩ። አንድን ሰው በደንብ ለማገላበጥና ልብሱን ለመቀየር ሁለት ሠራተኛ አሥር ደቂቃ ይፈጅባቸዋል እንበል፤ 120 ደቂቃ። ሁለት ሰዓቱ አለቀ፣ ከመጀመሪያው አልጋ ይጀመራል። ውኃ ማን ይስጥ? ሽንት ቤት ማን ያድርስ? ሌሊት ደግሞ ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ያ ቅጽ ሊሠራ የማይችል ሥራ የወለደው ውሸት ነበር። እናንተም ቅጹ ላይ «ተጭበርብሯል» ብላችሁ ከማቆማችሁ በፊት አልጋውንና ሰውን ቁጠሩ።

ሌሊት ሂዱ የምለውም ለዚህ ነው። ፈቃዱን ከአለቃችሁ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ለቤቱ ግን አትናገሩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በር አንኳኩና ሰዓት ያዙ። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው? ጥበቃውስ የት ነው? ለሌባ ተብሎ መስኮቱ ሁሉ ፌሮ በሆነበት ቤት አንድ ቁልፍ ብቻ ካለ፣ እሳት ሲነሳ ማጥፊያው የአገልግሎት ጊዜው ቢያልፍም ባያልፍም ለውጥ የለውም። የኛ ከተማ ደግሞ እሳት ብቻ አይደለም የሚያሰጋት። በ1998 ክረምት ወንዛችን ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ውኃው ከላይ ከደጋው ነው የሚወርደው፤ እዚህ ጠብ ሳይልም ሊመጣ ይችላል። ከወንዙ ዳር ላለ ቤት «አደጋ ቢመጣ ማን ማንን ይሸከማል?» ብላችሁ በስም ጠይቁ። «ሁላችንም እንረባረባለን» ካሏችሁ ዕቅድ የላቸውም።

የቀረውን ባጭሩ። መድኃኒት ቁም ሳጥኑ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ከሆነ ቴርሞሜትር አስገቡበት፤ አብዛኛው መድኃኒት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በላይ አይቀመጥም፣ ኢንሱሊን ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ነው፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም ጠይቁ። ሮቶውና በርሜሉ መከደናቸውን እዩ። ክፍት ውኃ ላይ በምትራባ ትንኝ የሚተላለፉት ደንጊ በ2006፣ ቺኩንጉንያ በ2011 እንዴት እንዳንገላቱን ታስታውሳላችሁ፤ ያቺ ትንኝ የምትነክሰው ቀን ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ሰው አጎበሩ ቀንም ያስፈልገዋል። ሚዛን ካለ የክብደት መዝገቡን አንብቡ፤ በወር ውስጥ ከመቶ 5 የቀነሰ ሰው ቸል አይባልም። ሥጋው በማን እጅ እንደታረደም ጠይቁ። ሙስሊሙ አባት ሳህኑን ሳይነካ ሲመልስ «የምግብ ፍላጎት የለውም» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ።

አንድ የሚከብዳችሁ ነገር አለ። ባለቤቶቹ «በልመና የቆመ ቤት ነው፣ ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው አንስተን ምን አድርጉ ትሉናላችሁ?» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ አፌን ይዞኛል። ቤተሰብም አይናገርም፤ ወላጁን መርጃ ቤት ማስገባቱ ያሳፍረዋል። ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን ለአረጋውያን እርዳታ እንዲመድብ ያዛል። ስለዚህ ሪፖርታችሁን በሁለት ወገን ጻፉት፦ ቤቱ ያጎደለውን በአንዱ፣ እኛ መሥሪያ ቤቶቹ ለቤቱ ያጎደልነውን በሌላው። ሁለተኛውን ገጽ አለቆቼ አይወዱትም ነበር። ሦስት ጊዜ ተመልሶልኛል፤ ሦስቴም እንዳለ መልሼ ላክሁት፣ በአራተኛው ለአንድ ቤት ሁለት የሌሊት ሠራተኛ ተፈቀደ።

ሌሊት ስትሄዱ ደግሞ ድምፅ የማይሰጥ ጫማ አድርጉ። አረጋውያን እንቅልፋቸው ቀላል ነው።