«የሳንባ ሳሙና» ይባላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ነው ያለሁት፤ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ለእናቶች የሚታደል አንድ ገጽ ጽሑፍ ስናዘጋጅ «ሰርፋክታንት» (ሳንባ እንዳይከደን የሚያደርገው ፈሳሽ) የሚለው ቃል አጨቃጨቀን። አንዱ ባልደረባዬ «የሳምባ ሳሙና» ብሎ ጻፈው። ሌላዋ «ሰው ሠራሽ የሳንባ ቅባት» ይሻላል አለች። የቱ ይሻላል? ደግሞስ ሳንባ ነው ሳምባ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀላሉን ላስቀድም። ስናወራ ሁላችንም «ሳምባ» ነው የምንለው። «ን» ከ«ብ» ፊት ስትመጣ «ም» ትሆናለች፤ ወንበርን ወምበር፣ ዝንብን ዝምብ እንደምንለው። ሲጻፍ ግን «ሳንባ» ይሁን።

ሳሙናውን ሰርዙት። ባልደረባሽ ከየት እንዳመጣው ይገባኛል፤ ሳሙናም ሰርፋክታንትም የውኃን የገጽ ውጥረት (ገጹ ተሳስቦ የሚጠብቅበትን ኃይል) ያላላሉ። ኬሚስት ለኬሚስት ሲያወራ ያስኬዳል። ግን ከወረባቦ ወይም ከኩታበር በሰባት ወሯ ወልዳ የመጣች እናት «ልጅሽ ሳንባ ውስጥ ሳሙና ልንጨምር ነው» ብትባልና ልጇን አቅፋ ውልቅ ብትል ማን ይፈርድባታል? እኔም እወጣለሁ።

«ቅባት» ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ሳንባ ራሱ የሚሠራው ሰርፋክታንት 90 በመቶ ገደማ ቅባት ነው፣ ቀሪው ፕሮቲን። ችግሩ ያቺ ጥቂት ፕሮቲን ከስሙ መውጣቷ ነው፤ ኤስፒ-ቢ እና ኤስፒ-ሲ የሚባሉት ፕሮቲኖች ባይኖሩ ቅባቱ በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ቶሎ አይዘረጋም። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ሰርፋክታንት ስለሚያንሰው አየር ባስወጣ ቁጥር ከረጢቶቹ ይከደናሉ። ተመራማሪዎቹ ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ እ.ኤ.አ. በ1959 የደረሱበት ይህንኑ ነው። (ቅባቱን «ስብ» ልበለው የሚል ካለ ተዉት በሉት፣ ስብ ሥጋ ቤት ነው የሚያምርበት።)

ዋናው ጣጣ «ሰው ሠራሽ» ላይ ነው። በብልቃጥ ታሽጎ የመጣውን ሁሉ እንዲህ ማለት ይቀናናል። ግን ብዙዎቹ ሰርፋክታንቶች ከእንስሳ ሳንባ የተወሰዱ ናቸው። ፉጂዋራ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ለሕፃናት መስጠቱን ያስታወቀው ከከብት ሳንባ የተዘጋጀውን ነበር። ፖራክታንት የሚባለው ሰርፋክታንት ደግሞ ከአሳማ ሳንባ ነው። እንግዲህ ወሎ ውስጥ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሳማ በማይበላበት አገር፣ ይህን «ሰው ሠራሽ» ብሎ ማለፍ እናትየዋን ማታለል ነው። ለሕይወት ሲባል ምን ይፈቀዳል የሚለውን ሼኹና ቄሱ ይንገሯት፤ እኛ ከምን እንደተሠራ እንንገራት።

በትክክል «ሰው ሠራሽ» የሚባለው ቅባቱም ሌላውም በቤተ ሙከራ የተሠራው ነው። ከቀደሙት አንዱ ኤክሶሰርፍ ነበር፤ ፕሮቲን የሚባል የለውም፣ ከእንስሳ ከሚወሰዱት ጋር ሲወዳደርም ደከም ያለ ሆነ። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፔፕታይድ ጨመሩበት። ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ሰንሰለት ነው፣ እዚህ ሥራው የፕሮቲኑን ጠባይ መኮረጅ ነው። ኤስፒ-ቢን እንዲኮርጅ ሉሲናክታንት በሚባለው ሰው ሠራሽ ሰርፋክታንት ውስጥ የገባው ፔፕታይድ 21 አሚኖ አሲድ ብቻ አለው፣ እነሱም ላይሲንና ሉሲን ናቸው። ሉሲናክታንት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ፈቃድ አገኘ፣ በ2015 ግን ምርቱ ቆመ። ኤስፒ-ሲን መኮረጅ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው፤ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይረጋል፣ ይህን ለማምለጥ በውስጡ ያሉትን ቫሊን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች አውጥተው በሉሲን የተኩ አሉ።

ይህም ሆኖ ለእናት በሚሰጥ ወረቀት ላይ «ሰው ሠራሽ» ባይገባ እመርጣለሁ። ሰው ሠራሽ ፀጉር፣ ሰው ሠራሽ ረሃብ ስንል የኖርን ሰዎች ነን፤ ቃሉ ወይ የውሸት ወይ የክፋት ይመስላል። «በቤተ ሙከራ የተዘጋጀ» ይበቃል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ልጅዎ ቀኑ ሳይደርስ ስለተወለደ ሳንባው እንዳይከደን የሚያደርገው ፈሳሽ ገና አልበቃም። ስለዚህ ሰርፋክታንት የሚባል መድኃኒት በቀጭን ቱቦ ሳንባው ውስጥ እንጨምራለን። መድኃኒቱ የተዘጋጀው ከ______ ነው።»

ባዶውን ከብልቃጡ ጋር ከሚመጣው መግለጫ አንብባችሁ ሙሉት። «ልጅሽ» ያላልኩትም አውቄ ነው፣ ወረቀቱን አባትም አያትም ያነቡታል።