ብቻውን ሲቀር የሚጨነቅ ውሻ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን «ከቤት ስወጣ ውሻዬ አገር ይያዝልኝ ይላል» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ የደረሰኝን እመልሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ለብዙ ዓመታት ውሻ ያሳደግኩና ያለማመድኩ ሴት ነኝ።

ጥያቄ፦ ከሥራ ስመለስ የበሩ መቃን ተግጦ፣ ምንጣፉ በሽንት ረጥቦ አገኛለሁ። ገና ሲያየኝ ጆሮውን ጥሎ ጥግ ይይዛል፤ ጥፋቱን ያውቃል ማለት ነው። ልቅጣው?

መልስ፦ አይቅጡት ጌታዬ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህንኑ ፈትናው ነበር። ውሾቹ ያን «የጥፋተኛ ፊት» ያሳዩት የተከለከለውን ምግብ ስለበሉ ሳይሆን ባለቤታቸው ስለተቆጣቸው ነው። እንዲያውም ምንም ሳይበሉ የተቆጧቸው ብሰው ተገኙ። የእርስዎም ውሻ ያነበበው ፊትዎን ነው። ከቀጡት ነገ የሚፈራው ሁለት ነገር ይሆናል፤ መሄድዎንም መመለስዎንም።

ጥያቄ፦ ጥጋብ ሳይሆን ጭንቀት መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ስልክሽን ቪዲዮ ላይ አድርገሽ ደግፊውና ውጪ። ጭንቀት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ ይንጎራደዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያላዝናል። የተበላሸው ነገር የት እንዳለም እዪ። በርና መስኮት ከተቧጨረ ሊወጣ ሲታገል ነበር፤ ጫማና ትራስ ብቻ ከሆነ ግን ሥራ ፈትቶ ይሆናል። ሥጋ ትተሽለት ሳይነካው ውሎ፣ አንቺ ስትገቢ ከጎረሰው ደግሞ አትጠራጠሪ። ያረጀ ውሻ በድንገት ቤት ውስጥ መሽናት ከጀመረ ግን አስቀድመሽ ሐኪም ጋር ውሰጂው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ እንዴት ላለማምደው?

መልስ፦ በሰከንድ። ውሻው የሚጨነቀው ገና ቁልፍ ስታነሳ ነው፤ ስለዚህ ቁልፉን አንስተህ ተቀመጥ፣ ጫማህን አድርገህ ቡናህን ጠጣ። ቁልፉን አይቶ ቀና ማለት ሲተው ወደ በሩ ሂድ። ከፍተህ ዝጋ፤ በሌላ ቀን አምስት ሰከንድ ውጣና ሳይረበሽ ተመለስ። ጊዜውን ሁልጊዜ አታስረዝም፤ ከአርባ ሰከንድ በኋላ አሥራ አምስት ይሁን፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ።

የእኔዋ ቡቺ አርባ ሰከንድ ላይ ሁለት ሳምንት ቆመችብኝ። ቁልፉንም ቦርሳውንም ንቃዋለች፤ ግን ትንቀጠቀጣለች። ኋላ ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳይ ነው የገባኝ፤ የሚያስደነግጣት የግቢው የብረት በር መቀርቀሪያ ሲንሸራተት የሚያሰማው ድምፅ ነበር። ጠዋት ማታ ሳልወጣ መቀርቀሪያውን ስከፍትና ስዘጋ ሰነበትኩ። ጎረቤቶቼ ምን እንዳሰቡ እግዚአብሔር ይወቅ።

ልምምዱ እስኪያልቅ ከሚችለው በላይ ብቻውን አትተወው። አንድ ቀን ሙሉ ሲያለቅስ ከዋለ የሳምንት ልፋትህ ውኃ በላው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። ጎረቤቶች ከሰውኛል፤ ሥራ ደግሞ አይቀርም። የብረት ሳጥን ውስጥ ልዝጋበት?

መልስ፦ የተደናገጠ ውሻ ሳጥኑን ሲነክስ ጥርሱን ይሰብራል፤ ይቅርብሽ። ለጊዜው የውሻ መዋያ ወይም ቤቱ የሚውል ዘመድ ፈልጊ። ከዚያ የእንስሳት ሐኪሙን ስለ መድኃኒት ጠይቂ። እዚያ አገር ክሎሚፕራሚን እና ፍሉኦክሰቲን ለዚሁ ችግር ለውሻ ተፈቅደዋል። ውጤታቸው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል፤ ያለ ልምምድም ብዙ አይራመዱም። ሰው የሚወስደውን ክኒን በግምት እንዳትሰጪው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነን። ውሻችን ቀን ታስሮ ይውላል፣ ዘበኛችን ሲወጣ ይጮኻል። ይኸው በሽታ ነው?

መልስ፦ ቀኑን ሙሉ ሰንሰለት ላይ የዋለ ማን የማይጮኽ አለ? መጀመሪያ ይፍቱት፣ ጠዋት ጠዋት ያንሸራሽሩት፤ ከዚያ ይታያል። ዘበኛው ሲወጣ መጮኹ ግን አይግረምዎ፤ የሚያበላው እሱ ከሆነ ጌታው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ውሻ ባመጣለትስ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይረዳም። የናፈቀው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የሚልሰው ነገር ትቼለት ብወጣስ?

መልስ፦ ጭንቀቱ ቀላል ከሆነ ጥሩ ነው። ምግቡን አሮጌ ፎጣ ውስጥ ጠቅልልለት፣ ሲፈታው ይቆያል። የበሰለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የኦቾሎኒ ቅቤ ከሆነ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ እንደሌለበት ማሸጊያውን አንብብ፤ ውሻ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ተሰናብቼው ልውጣ ወይስ ተደብቄ?

መልስ፦ ተደብቀሽ ከወጣሽ መቼ እንደምትጠፊበት ስለማያውቅ፣ ቤት በዋልሽ ቀን ከእግርሽ ሥር አይጠፋም። እቅፍ አድርጎ ማልቀስም አያስፈልግም። እኔ ለቡቺ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ «መጣሁ» ብያት እወጣለሁ። አሁን ስልክ ላይ ለሰው «መጣሁ» ስል እንኳ ሰምታ ሄዳ ምንጣፏ ላይ ትተኛለች።