አንዱን ድንበር ስንት ጊዜ ልሟገት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሞረትና ጅሩ የምኖር ገበሬ ነኝ። ባሌ ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው። ድንበርተኛችን ዘመድ ነው፤ «ሁለት ክንድ ገፍተሽብኛል» ብሎ ከሰሰኝ። መሬቱ ተለካ፣ ምስክር ተሰማ፣ ተፈረደልኝ። ይግባኝ አለ፤ እዚያም ጸናልኝ። አሁን ደግሞ ያንኑ መሬት በልጁ ስም ከሶኛል። ልጁ «አባቴ በስጦታ ሰጥቶኛል» ይላል። ስንዴዬ ሳይታጨድ እኔ ቀጠሮ ለቀጠሮ እመላለሳለሁ። ልጄ በስልኩ አንብቦ «አሜሪካ ቡና ፈሰሰብኝ ብላ ከሳ ሚሊየነር የሆነች ሴት አለች፤ እንዲህ ያለው ክስ በሕግ ይገደብ እየተባለ ነው» አለኝ። እኛ አገርስ ነገረኛን የሚከለክል ሕግ የለም? ብቀርስ ምን ይመጣብኛል?
ከእነዋሪ አካባቢ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። እባክዎን አይቅሩ። መጥሪያ ደርሶዎት ከቀሩ ክርክሩ በሌሉበት ይሰማል። በበቂ ምክንያት የቀረ ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ይነሳልኝ ማለት ይችላል። ግን «አጨዳ ላይ ነበርኩ» ማለት በቂ ይሆናል ብለው እንዳይተማመኑ። እህሉን ለወንፈል ሰጥተው ይሂዱ።

ነገረኛን የሚያቆም ሕግ አለን። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 5 አንድ ጊዜ የመጨረሻ ፍርድ ያገኘ ጉዳይ በዚያው ነገር፣ በእነዚያው ሰዎች መካከል እንደገና አይታይም ይላል። ስም መቀየርም አያድንም። መብቴን ያገኘሁት ከቀድሞው ተከራካሪ ነው የሚል ሰውም በፍርዱ ይታሰራል። የእርስዎ ከሳሽ በራሱ አፍ «አባቴ ሰጠኝ» ብሏል። ስለዚህ ስጦታው መቼ እንደተደረገ ያጣሩ። ከፍርዱ በኋላ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ አባት በፍርድ ያጣውን መሬት ለልጁ ሊሰጥ አይችልም። ከመጀመሪያው ክስ በፊት ነው ካለ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ያኔ «ታዲያ አባትህ በማን መሬት ሲከሰኝ ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

ይህን ለኋላ አያቆዩት። መጀመሪያ በሚሰጡት የጽሑፍ መልስ ላይ፣ አንቀጽ 244 በሚፈቅደው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አድርገው ያንሱት። ብዙ ሰው እውነት በእጁ ይዞ እዚህች ጋ ይሸወዳል። ስለ ድንበሩ ሦስት ገጽ ያጽፍና «ይህ ጉዳይ ፍርድ አግኝቷል» የምትለውን አንዲት መስመር ይረሳታል።

የደከሙበትን ገንዘብም ይጠይቁ። ወጪና ኪሳራ ይባላል። የትራንስፖርት፣ የምስክር አበል፣ ጠበቃ ካለዎት የእሱ ክፍያ፣ ሁሉንም ከነደረሰኙ ይያዙ። እዚህ ላይ ግን ውስጤን የሚያበግነኝን ልናገር። ብዙ ፍርድ አንብቤአለሁ። ግርጌው ላይ «ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻሉ» የሚለው አይጠፋም። አሳማኝ ክርክር ላለው ተሸናፊ ይህ ትክክል ነው። ሁለቴ ተሸንፎ በልጁ ስም ለመጣ ሰው ግን ለሦስተኛ ክስ ፈቃድ እንደመስጠት ነው። የሕግ ማሻሻያ ካስፈለገን እዚህ ጋ ይሁን።

ልጅዎ ያነበበውን ታሪክ በተመለከተ፣ ሙሉውን ይንገሩት። ሴትየዋ የ79 ዓመት አሮጊት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ በቆመ መኪና ተቀምጠው የማክዶናልድስን ቡና ክዳን ሲከፍቱ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ሥጋቸው እስከ ውስጥ ተቃጠለ። ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ከሌላ የሰውነታቸው ክፍል ቆዳ ተወስዶ ተተከለላቸው። መጀመሪያ የጠየቁት 20,000 ዶላር ነው፤ ድርጅቱ 800 እሰጣለሁ አለ። ከዚያ በፊት በቡናው ተቃጠልን ያሉ ከ700 በላይ አቤቱታዎች ደርሰውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ሸንጎው፣ ማለትም ከሕዝቡ የተመረጡት ፈራጆች፣ የፈረደው የ2.7 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት በዓለም ተወራ። ዳኛው ጠቅላላውን ወደ 640,000 ዶላር እንዳወረዱትና በኋላ በስምምነት እንዳለቀ ግን ማን አወራው? ያ ወሬ ካሳ በሕግ ይገደብ ለሚሉት ጥሩ መሣሪያ ሆነ። ለምሳሌ የአሜሪካዋ ቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2003 ሐኪም በስህተት ለጎዳው ሰው የሚከፈለውን የሕመምና የሥቃይ ካሳ በ250,000 ዶላር ገድባለች።

እኛም ዘንድ «የዳኝነት ክፍያው ይወደድ፣ ነገረኛ ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። በሩን ስናጠብ የሚቀረው ድሃው ነው፤ ነገረኛማ በሬ ሸጦም ይገባል።

ጠበቃ ከመሆኔ በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ። በዚያ ብርድ ጣቴ እየደነዘዘ በታይፕ የሰው ብሶት ስጽፍ ዓመታት ቆይቻለሁ። አንድ ቀን ከመንዝ አንዲት ባልቴት መጡ። ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል። የባላቸው ወንድም አንድ በግ ነድቶባቸዋል። «እናቴ፣ ለአንድ በግ? ወጪው ይበልጣል፣ ቢተዉትስ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ በጉን ዝም ካልኩት ለበልግ መሬቱን ያርሰዋል» አሉኝ።

ለካ ሰውየው በበጉ እየለካቸው ነበር። «ሚስት ምን ድርሻ አላት» ባይ ነው። ጻፍኩላቸው። ፍርድ ቤቱ በጉን አስመለሰላቸው፤ መሬቱንም ማንም አልነካባቸውም። ያን ቀን በር ላይ ቆሞ «ይቺ ክስ ቀላል ናት፣ መልሷት» የሚል ሰው ቢኖርስ? እኔ ራሴ ልመልሳቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለዚህ ማን ነገረኛ እንደሆነ ዳኛ ሰምቶ ይለይ እንጂ አስቀድሞ በክፍያ ብዛት አይለይ እላለሁ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። መታረቅ ከፈለጉ ሽማግሌ መላኩ ጥሩ ነው፤ ዘመድ ነውና። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ልጁም ይፈርምበት፣ ክሱን ለያዘው ፍርድ ቤት ቀርቦ ይመዝገብ። በቃል ብቻ ከታረቃችሁ በዓመቱ ሌላ ልጅ ሊመጣ ይችላል።

ከቀጠሮው በፊት መዝገብ ቤት ሄደው የሁለቱንም ፍርድ፣ የመጀመሪያውንም የይግባኙንም፣ ግልባጭ ያውጡ። ማኅተም ያረፈበት መሆኑን አይተው ይረከቡ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ቤትዎ ይቅር።