ማክሮ ለመጻፍ ለምትቸኩሉ ልጆች

በአራት ኪሎና በፒያሳ ካፌዎች ላፕቶፕ ዘርግታችሁ ኤሊክስርና ሃስኬል የሚባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች ስትማሩ ሳይ ደስ ይለኛል። ማክሮ ላይ ስትደርሱ ግን ብዙዎቻችሁ ትቸኩላላችሁ። ማክሮ ኮድ የሚጽፍ ኮድ ነውና ልብ ይሰርቃል፤ አልፈርድባችሁም። ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ኮዱ የሚያወጣው ውጤት የሚታወቀው መቼ ነው፤ ፕሮግራሙ ሳይነሳ ወይስ ከተነሳ በኋላ?

የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብን ውሰዱ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፣ ለ19 አካፍሉ፣ ከቀሪው 1 ቀንሱ፤ ወንበር የሚባለው ቁጥር ይመጣል። ቀሪ ከሌለ ወንበሩ 18 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉ (አካፍላችሁ ቀሪውን ስትይዙ) አበቅቴ፣ በ19 አባዝታችሁ ስትገድፉ ደግሞ መጥቅዕ ይወጣል። የ2017 ወንበር 11፣ አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ነው። የፋሲካ ቀንም በየ532 ዓመቱ ዞሮ ይመጣል። ይህ ሁሉ ተጠቃሚው የቀን መቁጠሪያ አፑን ሳይከፍት የሚታወቅ ነው። ስለዚህ የእነዚህ ቁጥሮች ሰንጠረዥ ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ (ወደሚሠራ ፕሮግራም ሲቀየር) አንዴ ይሠራ።

ፍጥነቱን ብዙም አታጋኑት፤ ስሌቱ ቀላል ነው። እኔ የምወደው ሌላ ጥቅሙን ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። ካልሆኑ ኮምፓይሉ ይቁም በሉት። ወንበሩ ዜሮ ሲሆን አበቅቴው አልቦ (ባዶ)፣ መጥቅዑ 30 ነው። ይህን የረሳ ልጅ ደንበኛ ጋ ሳይደርስ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይያዛል።

ለዚህ ደግሞ ማክሮ እንኳ አያስፈልግም። በኤሊክስር የሞጁሉ (የኮድ ክፍሉ) አካል ራሱ ኮምፓይል ሲደረግ ይሠራል፤ ውጤቱን በሞጁል አትሪቢዩት፣ ማለትም ሞጁሉ ውስጥ ስም በተሰጠው ዋጋ፣ መያዝ ይበቃል። የሚያሰላውን ፈንክሽን ግን ሌላ ሞጁል ውስጥ ጻፉት፤ እዚያው ያለው ገና ተሠርቶ ስላላለቀ አይጠራም። የሃስኬሉ ማክሮ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የቀረበው ቴምፕሌት ሃስኬልም እንዲሁ ነው፤ ፈንክሽኑ ከሌላ ሞጁል መምጣት አለበት። ለብቻው ሲሆን መፈተሹም ይቀላል።

የዛሬን ቀን ወይም የዳታቤዝ ፓስወርድን በዚህ መንገድ እንዳትይዙ አደራ። ኮዱ የተገነባበት ማሽን ላይ የነበረው እንዳለ ይቀራል። ሰርቨሩ ላይ ብትቀይሩት ፕሮግራሙ አያየውም፤ ኮዱን ብታነቡትም ስህተት አይታይም። እንዲህ ያለውን ፕሮግራሙ ሲነሳ አንብቡት።

ሰንጠረዡን ከፋይል የምታነቡ ከሆነም ፋይሉን ኤክስተርናል ሪሶርስ በሚባለው የሞጁል አትሪቢዩት አስመዝግቡ። አለበለዚያ ፋይሉን ስትቀይሩ ኤሊክስር ሞጁሉን እንደገና ኮምፓይል አያደርገውም፤ አሮጌው ሰንጠረዥ ይቀጥላል።