የብር መስቀል፣ የታጠፈ ፊልምና የራጅ ጨረር

በዚህ ሳምንት ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ራጅ የሚጠይቁ ስለሆኑ፣ አሳጥሬ በአንድነት እመልሳቸዋለሁ።

ከሸዋ ሮቢት አንድ ወጣት፣ ራጅ ከተነሣ በኋላ ጨረሩ እንዲታጠብለት ወተት መጠጣት እንዳለበት ጎረቤቶቹ ነግረውታል። እውነት ነው ወይ ይላል።

እውነት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ብርሃኑ ቤት ውስጥ እንደማይቀር ሁሉ፣ የራጅ ጨረርም ማሽኑ እንደቆመ ያበቃል፤ በሰውነት ውስጥ የሚቀርና የሚታጠብ ነገር የለም።

ከአንኮበር፦ አልትራሳውንድና ኤምአርአይም ጨረር አላቸው?

እንደ ራጅ ያለ ጨረር የላቸውም። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ፣ ኤምአርአይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራሉ። የትኛው እንደሚያስፈልግዎ ሐኪምዎ ይወስናል።

ከመሐል ሜዳ አንዲት እናት፣ የደረት ራጅ ሲነሡ «ማተብሽን አውልቂ» መባላቸው እስከ ዛሬ እንደሚከነክናቸው ጽፈዋል።

እናቴ፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ሊነገርዎ ይገባ ነበር። ክሩ ችግር የለበትም፤ የሚያስቸግረው በክሩ ላይ የተንጠለጠለው የብር መስቀል ነው። ጨረሩ አየር የሞላውን ሳንባ በቀላሉ ያልፋል፣ አጥንት ላይ ሲደርስ ይቀንሳል፣ ብር ላይ ግን ከሞላ ጎደል ይቆማል፤ ስለዚህ መስቀሉ በፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣና በእሱ አንጻር ያለውን የሳንባ ክፍል ይሸፍናል። ጨረሩ ከጀርባ እስከ ደረት ስለሚዘልቅ መስቀሉን ወደ ኋላ ማዞርም አይረዳም። ሆኖም ክሩ ሳይወልቅ መስቀሉን እስከ አገጭዎ ከፍ አድርገው ቢይዙት ይበቃል።

ከደብረ ሲና አንድ አባት፣ ክንዱ የተሰበረ ልጃቸውን ደግፈው እንዲይዙ ከታዘዙ በኋላ ባለሙያው «እኛን ትቶ ከግድግዳ ጀርባ ሸሸ» ይላሉ።

አልሸሸም። እርስዎ በዚያ ክፍል የቆሙት ምናልባት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱ ግን በየቀኑ፣ ለብዙ ሰው፣ ለዓመታት ይቆማል፤ ለሠራተኛ የተቀመጠው ገደብም በአምስት ዓመት ተሰልቶ በአማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ሰው የሚደርሰው ጨረር የሚለካበት መለኪያ) ነው። ርቀት ራሱ መከላከያ ነው፤ ከጨረሩ ምንጭ 1 ሜትር ላይ ከነበሩ ወደ 2 ሜትር ሲርቁ የሚደርስብዎ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለእርስዎ ግን ጨረር የሚከላከል፣ እርሳስ ከተባለው ብረት የተሠራ ሽርጥ ሊሰጥዎ ይገባ ነበር። ካልተሰጠዎት በሚቀጥለው ጊዜ ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ልጅ ልትይዝ አይገባትም።

ከሞላሌ የጻፉልኝ ሰው፣ ሳል የጸናባቸው አባታቸው በአምስት ሳምንት ውስጥ በአካባቢያቸው፣ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ሦስት ጊዜ የደረት ራጅ በመነሣታቸው ካንሰር ይይዛቸዋል ብለው ፈርተዋል።

በመጀመሪያ ስለ ፍርሃቱ። አንድ የደረት ራጅ የሚያደርሰው ጨረር 0.1 ሚሊሲቨርት ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያንሳል። ሁላችንም ከአፈርና ከዐለት፣ ከምንተነፍሰው አየርና ከሰማይ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል እንቀበላለን፤ የሰማዩ ድርሻ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚጨምር፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ከቆላው የበለጠ ይደርሳታል። የአባትዎ ሦስት ራጆች ቢደመሩ የሁለት ወር የተፈጥሮ ጨረር እንኳ አይሞሉም። በዚህ በኩል ይረጋጉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ራጅ የታዘዙት በሽታው ስለተለወጠ ነው ወይስ የመጀመሪያው ፊልም ቤት ስለቀረ? በራጅ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። አንድ የመንዝ አዛውንት ከበርኖሳቸው ሥር የሁለት ዓመት ፊልም አወጡልኝ፤ ከምድጃ አጠገብ ተሰቅሎ ጢስ ጠጥቷል፣ ኪስ እንዲገባም አራት ላይ ታጥፏል፤ የእጥፋቱ ስንጥቅ በትክክል በቀኝ ሳንባቸው ላይ አልፎ፣ ልናየው የፈለግነውን ቦታ አጥፍቶታል። ያ ፊልም ደህና ቢሆን ኖሮ ትልቅ ነገር ይነግረን ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረና ያላደገ ጥላ አዲስ ከበቀለ ጥላ ጋር አንድ አይደለምና። ለታካሚ እንደ ሠራተኛው በቁጥር የተወሰነ ገደብ የለውም፤ ጥበቃው ምርመራው በእርግጥ ማስፈለጉና ለምስሉ በሚበቃው አነስተኛ ጨረር መሠራቱ ነው። የጠፋ ፊልምን ለመተካት የሚነሣ ራጅ የመጀመሪያውን መመዘኛ አያሟላም። በደረት ራጅ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ በራጅ ጨረር ሰውነትን ከብዙ አቅጣጫ የሚያነሣው ሲቲ ስካን ግን፣ ለሆድ ሲሆን፣ እስከ 10 ሚሊሲቨርት ገደማ ሊደርስ ስለሚችል፣ መደጋገሙ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ፊልሙን ሳያጥፉ በካርቶን መካከል አድርገው ከእሳትና ከእርጥበት ያርቁት፤ በሲዲ ከተሰጠዎም ሲዲውን ከጽሑፍ ውጤቱ ጋር ያስቀምጡ፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ሁሉንም ይያዙ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ከደብረ ብርሃን ናት። የደረት ራጅ ከተነሣች በኋላ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን አወቀች፤ ጓደኞቿ «አስወርጂው» ይሏታል።

እህቴ፣ ይህን ምክር አትስሚ። ጨረሩ ያነጣጠረው ደረትሽ ላይ ነው፤ ወደ ፅንሱ የሚደርሰው ፍንጣሪ ከ0.01 ሚሊግሬይ (ይህም የጨረር መጠን መለኪያ ነው) አይበልጥም፤ የአካል ጉድለት ያስከትላል ተብሎ የሚፈራው መጠን ደግሞ 100 ሚሊግሬይ ገደማ፣ ማለትም የዚህ አሥር ሺህ እጥፍ ነው። የተነሣሽው የሆድ ሲቲ ስካን ቢሆን ኖሮ እንኳ መጠኑ በባለሙያ ሳይሰላ ምንም ውሳኔ አይወሰንም ነበር። ወደፊት ግን ጥርጣሬ ብቻ ቢኖርሽም ራጅ ክፍል ከመግባትሽ በፊት ተናገሪ። አሁን የምለምንሽ በዚህ ሳምንት የእርግዝና ክትትል እንድትጀምሪ ነው፤ ራጁን የተነሣሽበትን ቀንና የተነሣውን የአካል ክፍል በወረቀት ጽፈሽ ለሐኪሟ ስጪያት።