ለጤነኛ ሰው የሚታዘዝ መድኃኒት

ውድ ወጣቶች፣

በሕክምና ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ምንም ሳይታመሙ ለፈተና የሚያነቃ ወይም ለውድድር ጉልበት የሚጨምር መድኃኒት እንዳዝላቸው የጠየቁኝ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ልቆ ለመገኘት መጓጓት ነውር ስላልሆነ ጥያቄያቸውን በቁጣ መልሼ አላውቅም፤ ነገር ግን ሐኪም ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ጥቅምና ጉዳትን የሚያመዛዝንበት መንገድ ለታማሚና ለጤነኛ አንድ አለመሆኑን እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ።

ኤሪትሮፖይቲንን ተመልከቱ። መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲያመርት የሚያደርገው ይህ ሆርሞን በዋናነት ከኩላሊት የሚመነጭ ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ የተሠራው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ፣ ኩላሊታቸው ደክሞ ጥቂት ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው የነበሩ ብዙ ሕሙማን ደም በተደጋጋሚ ከመውሰድ አርፈዋል። ይኸው መርፌ የደም ማነስ የሌለበት ብስክሌተኛ ሲወጋው ግን ደሙን ያወፍረዋል፤ በደም ሥር ውስጥ እንዲረጋ፣ ልብና አንጎልም እንዲጎዱ ያጋልጣል። ታማሚው አደጋውን የሚቀበለው ሕመሙ ስለሚቀልለት ነው፤ ጤነኛው በምላሹ የሚያገኘው ሌላውን መቅደም ብቻ ነው። ተፎካካሪዎቹ ሁሉ ከተወጉ ደግሞ ብልጫው ይጠፋና አደጋው ለሁሉም ይተርፋል።

«ክትባትስ ለጤነኛ ሰው አይሰጥም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እንደ ኩፍኝ ያለውን ተላላፊ በሽታ የሚከላከል ክትባት ግን የተከተቡት ሲበዙ ያልተከተበውን ጭምር ይጠብቃል፤ አበረታች መድኃኒት የወሰዱት ሲበዙ ያልወሰደው ወይ ከውድድሩ ይወጣል፣ ወይ ሳይወድ መውሰድ ይጀምራል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ሳይወዱ መውሰድ ነው። በምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በመንግሥት ዕቅድ ለስፖርተኞች፣ ለታዳጊ ልጃገረዶች ሳይቀር፣ የወንድ ሆርሞን ባሕርይ ያለው ኦራል ቱሪናቦል የተባለ ክኒን ይሰጥ ነበር፤ ለብዙዎቹ ቫይታሚን ነው ተብሎ ስለተነገራቸው ድምፃቸው ሲጎረንን እንኳ ምክንያቱን አያውቁም ነበር። በዚህ ሥራ ሐኪሞች ተሳትፈዋል፤ የሙያው ሰው ሆኖ ይህን መጻፍ ያማል።

ስለዚህ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ለመሆን የምትማሩ ልጆቼ፣ ጤነኛ ወጣት ትኩረት የሚጨምር ክኒን ሊጠይቃችሁ ሲመጣ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ክኒኑን እንዲወስድ የመከረው ማን እንደሆነ ጠይቁት። ሪታሊንን የመሰለ መድኃኒት የትኩረት ችግር ላለበት ልጅ ትልቅ ርዳታ ነው፤ እንቅልፍ ላጣ ተማሪ ግን ድካሙን ይሸፍንለታል እንጂ እንቅልፉን አይተካለትም፤ የልብ ምቱን ያፋጥንበታል፤ ሱስም ሊሆንበት ይችላል። ከጀርባው የሚገፋው ወላጅ ወይም አሠልጣኝ ካለ ደግሞ ወጣቱን ለብቻው አነጋግሩት።