ሐራራ ሰዓቱን ያውቃል

ይድረስ ለእናንተ ለልጆቼ፤

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሐኪምነት ስሠራ ሱስ አንገላቶ ያመጣቸውን ብዙ ሰዎች አክሜያለሁ። ከሁሉም አብልጬ የማውቀው ሱሰኛ ግን እኔው ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጭሻለሁ። ጠዋት ለሳንባ ሕመምተኛ «ሲጋራውን ካልተውክ መድኃኒቱ ብቻውን አያድንህም» እላለሁ፤ ከዚያ ነጭ ጋዋኔን እንደለበስኩ በሕንፃው የጀርባ ደረጃ ወርጄ እለኩሳለሁ። ስለዚህ ንጹሕ ሰው ሆኜ የምመክራችሁ እንዳይመስላችሁ።

ጉዳቱን አልዘረዝርላችሁም። ታውቁታላችሁ። እኔም አውቀው ነበር፤ በአስከሬን ምርመራ ክፍል የአጫሽ ሰው ጥቁር ሳንባ በዓይኔ አይቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ወጥቼ አጭሻለሁ። ማወቅ ብቻውን ቢያድን ኖሮ የሚያጨስ ሐኪም ባልኖረ።

ያኔ ችግሬ የወኔ ማነስ ይመስለኝ ነበር። አምስት ጊዜ ምዬ ተገዝቼ አቁሜ አምስቱንም ጊዜ ተመልሼበታለሁ። በተመለስኩ ቁጥር ራሴን እሰድበዋለሁ፤ ስድቡ ደግሞ ያበሽቀኝና ሌላ ሲጋራ ያስለኩሰኛል። «ምን ያህል ጠንካራ ነኝ?» የሚለው ጥያቄ የትም እንደማያደርስ የገባኝ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ነርስ ትንሽ ደብተር የሰጠችኝ ቀን ነው። «ዶክተር፣ ለጊዜው አያቁሙ፤ ያጭሱ። ብቻ ከመለኮስዎ በፊት ሰዓቱን፣ ቦታውንና አብሮዎት ያለውን ሰው ይጻፉ» አለችኝ።

ለአንድ ሳምንት ጻፍኩ። ሳነበው አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ገረመኝ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዓት ሙሉ ስሯሯጥ በዋልኩባቸው ቀናት ሲጋራ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ተራዬ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ግን እጄ ኪሴን መፈተሽ ይጀምራል። የተጻፈው ሁሉ ተሰብስቦ አራት ቦታ ላይ ወደቀ፦ ያ የጀርባ ደረጃ፣ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ለቤተሰብ መርዶ የነገርኩበት ሰዓት፣ እና አንድ የምወደው ጓደኛዬ ጎን። ቀኑን ሙሉ የሲጋራ ባሪያ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ባሪያ የምሆነው በአራት ቀጠሮ ነው።

ከዓመታት በኋላ ይህንኑ የሚመስል ጥናት አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሬውቨን ዳር የተባለ እስራኤላዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የሚያጨሱ የበረራ አስተናጋጆችን በሁለት ዓይነት በረራ ላይ ሐራራቸውን እንዲመዘግቡ አደረጉ። አጭሩ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ረጅሙ ከ10 እስከ 13 ሰዓት የሚፈጅ ነበር። ሐራራን የሚያመጣው ኒኮቲን የተባለው የሲጋራ ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር ከደም መጉደሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከተነሡ አራት ሰዓት ሲሞላቸው በሁለቱም በረራ ላይ ሐራራቸው እኩል በሆነ ነበር። አልሆነም። በአጭሩ በረራ ላይ ሊያርፉ ሲሉ ሐራራው ናጣቸው፤ በረጅሙ ላይ ግን ገና ብዙ መንገድ እንደሚቀራቸው ስለሚያውቁ በዚያው ሰዓት በጣም ረጋ ያሉ ነበሩ። ሐራራ ሰዓቱን ያውቃል የምለው ለዚህ ነው። የሚነሣው በሩ ሊከፈት ሲል ነው።

የአንጎላችንን አሠራር ትንሽ ልንገራችሁ፤ አጭር ነው፣ አትሰልቹ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ሳይንቲስት ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩ የጦጣዎች ነርቮችን ሲከታተል ነበር። መጀመሪያ ላይ ነርቮቹ የሚነሡት የጭማቂ ጠብታ ጦጣዋ አፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ አንድ ምልክት ሲሰጣት ከቆየ በኋላ ግን ነርቮቹ ለምልክቱ ይነሡና ጭማቂው ሲመጣ ዝም ይላሉ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ከወትሮው በታች ይወርዳሉ። በእኔም የሆነው ይኸው ነው። ደስታው ከሲጋራው ወጥቶ ወደ ደረጃው ተዛውሯል። ሲጋራውን ራሱን መውደድ ከተውኩ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር፤ ደረጃው ግን ይጠራኝ ነበር። ብዙ ሱሰኞች «እኮ አሁን ደስ እንኳ አይለኝም፣ ለምን አደርገዋለሁ?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱ እዚህ አለ።

ልምምዱ ደግሞ ቀላል አይደለም። የተሳበ ኒኮቲን በ10 እና በ20 ሰከንድ መካከል አንጎል ይደርሳል። በቀን ሃያ ፍሬ የሚያጨስ ሰው እያንዳንዱን አሥር ጊዜ ቢስበው በዓመት 73,000 ጊዜ ለአንጎሉ ያንኑ ትምህርት ያስተምረዋል። ፊደልን እንኳ ይህን ያህል አልተለማመድነውም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ የሚሉት አባቶች ዶፓሚንን አያውቁም፤ ነገሩን ግን ያውቁት ነበር።

ከደብተሩ በኋላ መሐላ ተውኩ። ቀጠሮዎቹን መሰረዝ ጀመርኩ። በጀርባው ደረጃ መሄድ አቆምኩ፤ ዙሪያውን ዞሬ በዋናው በር እገባለሁ። ምሳ እንደበላሁ ተነሥቼ ጥርሴን እቦርሻለሁ። ለጓደኛዬ «ለሦስት ወር ውጭ አትጥራኝ፣ ጠልቼህ አይደለም» አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን አልጠራኝም። ከባዱ መርዶው ነበር። «መርዶ ከነገርኩ በቀጥታ ወደ ነርሶቹ ክፍል ገብቼ እቀመጣለሁ» ብዬ አስቀድሜ ወሰንኩ። ምንም አላወራም፤ እቀመጣለሁ ብቻ። «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ነገር ነው፤ «ከነገ ጀምሮ እተዋለሁ» ከሚለው እጅግ ይሻላል። ሐራራ ሲነሣ የሰው ልብ ጥሩ ዳኛ አይደለም። ፍርዱ ቀደም ብሎ ይሰጥ።

ቦታ መቀየር ምን ያህል እንደሚያግዝ ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ታሪክ ነው። ሊ ሮቢንስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመለሱትን ተከታተለች። ከአምስቱ አንዱ ያህል እዚያ ሳለ የሄሮይን ወይም የመሰል አደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ እንደነበረ ተናግሯል። አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ ያገረሸባቸው ከእነዚህ ሱሰኞች 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 12 በመቶ። ጦርነቱ፣ ጓዱ፣ ዕፁ በየጥጉ መገኘቱ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ቀርቷል። ሱስ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። እኛ ደግሞ አገር ጥለን መሄድ አንችልም። ደረጃ መቀየር ግን እንችላለን።

መጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ክፉ ናቸው፤ ለሲጋራ አጫሽ መነጫነጩና እንቅልፍ ማጣቱ ጫፍ የሚደርሰው በዚያ ሰሞን ነው፣ ከዚያ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። እኔ ሐራራው ሲመጣ ሰዓቴን እመለከት ነበር። አለን ማርላት የተባለው የሱስ ሕክምና ተመራማሪ ሐራራን ከማዕበል ጋር ያመሳስለው ነበር፤ ከፍ ይላል፣ ይሰበራል፣ ይወርዳል። አትታገሉት፣ ቁጭ ብላችሁ እዩት ነው ነገሩ። በእኔ ሰዓት ረጅሙ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የገዛኝ ነገር አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር! ይህን ሳውቅ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ።

አሁን ስለ መውደቅ። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ጋ ነውና ጆሯችሁን ስጡኝ። ከደብተሩ በፊት አንድ ጊዜ አራት ወር ሙሉ ቆይቼ ነበር። አንድ ምሽት አንዲት ፍሬ ተቀብዬ አጨስኩ። በማግስቱ ጠዋት «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብዬ ሙሉ ፓኬት ገዛሁ። ዳግመኛ ለማቆም የሞከርኩት ከዓመት ተኩል በኋላ ነው። ዓመት ተኩሉን የወሰደብኝ ያቺ አንዲት ፍሬ አይደለችም። «ተበላሽቷል» የምትለዋ ቃል ናት። ማርላትም ያየው ይህንኑ ነው፤ ሰው አንዴ ሲስት ስሕተቱን የማንነቱ ማስረጃ ያደርገውና እጁን ይሰጣል። እናንተ ብትስቱ የተረፈውን ጣሉት፤ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉት፤ አምስተኛ ቀጠሮ አግኝታችኋል ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ «በሃያ አንድ ቀን ልማድህን ቀይር» የሚሉት ቪዲዮዎች ያናድዱኛል። ቁጥሩ የመጣው ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ታካሚዎቹ ከጻፈው አስተያየት ነው፤ ሰዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመላመድ ቢያንስ ያን ያህል ቀን ይፈጅባቸዋል ነበር ያለው። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው አዲስ ልማድ ሥር ለመስደድ በአማካይ ግምት 66 ቀን እንደሚወስድ አገኙ፤ እንደ ሰውና እንደ ልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን እንደማያፈርስም አይተዋል። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሐራራ ቢነሣባችሁ የጎደለባችሁ ነገር የለም፤ ቁጥሩ ነው የተሳሳተው።

የእናንተ ዘመን ደግሞ ኪስ ውስጥ የሚኖር ሱስ አምጥቷል። ስኪነር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ርግቦችን ቁልፍ እያስነካ እህል ይሰጣቸው ነበር። እህሉ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ርግቧ ያለ ዕረፍት ትነካለች፤ እህሉ ከተቋረጠ በኋላም ቶሎ አትተውም። ስልክን ወደ ታች እየሳቡ ማደስና በውርርድ ትኬት ላይ ማፍጠጥ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ቁማርና የቪዲዮ ጨዋታ፣ ከቁጥጥር ሲወጡ፣ በሱስ ሥር ተመድበዋል። ስልኩን ሌላ ክፍል ውስጥ አሳድሩት። ለውርርደኛ ደግሞ አንዲት ነገር ብቻ፦ «ያጣሁትን ላስመልስ» የሚለው ሐሳብ ራሱ ሐራራው ነው። የባንክ ካርዱን ለሚያምነው ሰው ይስጥ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

እንደ ሐኪም ዝም ብዬ የማላልፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት በራሱ አያቁም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ደግሞ መቃዠትና መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል፤ ይህ ይገድላል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ያቁም። ሄሮይንና መሰሎቹን ትቶ የቆየ ሰውም ቢያገረሽበት የድሮውን መጠን ሰውነቱ አይችለውም፤ ብዙዎች የሚሞቱት እንዲህ ነው። ለመጠጥ ናልትሬክሶን፣ ለሲጋራ ቫሬኒክሊንና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን፣ ለሄሮይን ሜታዶን አሉ። እኔም ለጥፌያለሁ። «በመድኃኒት ካቆምክማ ምኑን አቆምከው» የሚሏችሁን አትስሟቸው፤ ለስኳር በሽተኛ እንዲህ አይሉም።

ደግሞም ለአንድ ሰው ንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ባለቤቴን አፌን እየተጉመጠመጥኩ ስምንት ዓመት ያታለልኳት መስሎኝ ነበር። ስነግራት «ታዲያ ሽታውን የጎረቤት ነው ብዬ ነበር?» አለችኝ። ለመንገር የማይሰብክ ሰው ምረጡ፤ እንደ ነርሷ ያለ፣ «ተው» ሳይል «ጻፍ» የሚል።

ሪቻርድ ዶል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የእንግሊዝ ሐኪሞችን ለሃምሳ ዓመት ተከታትሎ በ2004 ያሳተመው ውጤት ከጠረጴዛዬ ላይ አልጠፋም ነበር። በስድሳ ዓመቱ ያቆመ ወደ 3 ዓመት፣ በሃምሳ ያቆመ ወደ 6፣ በአርባ ያቆመ ወደ 9፣ በሠላሳ ያቆመ ደግሞ ወደ 10 ዓመት ዕድሜ ያተርፋል። እኔ ያቆምኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ይህን ደብዳቤ ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ገና ሠላሳ አልሞላችሁም።

የጀርባውን ደረጃ ለሁለት ዓመት አልረገጥኩትም። አንድ ቀን ዋናው በር ተዘግቶ ነበርና በእሱ ወረድኩ። እርከኑ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ቆሞ ያጨሳል፤ ሲያየኝ ደንግጦ ከኋላው ደበቀው። እጄ ሳላዝዘው ወደ ግራ ኪሴ ሄደ። ደብተሩ ነበር ያለው። አወጣሁትና ሰጠሁት፤ ገና ያልተጻፈባቸው ብዙ ገጾች ነበሩት።